ለጅቡቲ የሚበቃ፣ ለየካ የማይበቃ

ቦርዱ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። የተሠራው ሾላ አካባቢ ካሉት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ቤቶች በአንዱ ነው። በግራ ጎኑ ከኮምፒውተር የሚመጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ይገቡበታል፤ በቀኝ ጎኑ 220 ቮልት የተሸከሙ ወፋፍራም ሽቦዎች ይወጡበታል። ተግባሩ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ የውሃ ፓምፕ ማስነሳትና ማቆም ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የየካ ሰፈር የኖረ ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስቶ ሮቶ መሙላት ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ለምን አስፈለገ ብሎ አይጠይቅም። ከቢሮ የተወገደ አሮጌ ኮምፒውተር የታችኛውን ታንከር ይጠብቃል፤ ውሃ ሲገባ ፓምፑን ያስነሳል፣ የላይኛው ሮቶ ሲሞላ ያጠፋል። ለዚህ ብቻ ሙሉ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ማብራት ብክነት ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። ባለቤቱ ግን ማሽኑን በነፃ አግኝቶታል፤ በዚያ ላይ የግቢውን ካሜራም ይቀዳበታል።

ቦርዱን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ነገር ነው። ሠሪው ያስቀመጠውን ዕቃ ያህል ባዶ የተወው ቦታም የታሰበበት ነው።

ከኮምፒውተሩ እንጀምር። ጀርባው ላይ ድሮ ፕሪንተር ይሰካበት የነበረ ባለ 25 ቀዳዳ ፖርት አለ፤ ባለሙያዎቹ ኤልፒቲ ይሉታል። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣ ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ በየማሽኑ ላይ ሲሠራ ኖሯል። ከእግሮቹ ስምንቱ ፕሮግራሙ እንዳዘዛቸው 5 ቮልት ወይም ዜሮ ይሆናሉ። የሚወደደውም ለቀላልነቱ ነው፤ አንድ ቁጥር ሲጻፍለት ስምንት ሽቦዎች ይታዘዛሉ። አቅሙ ግን ትንሽ ነው። በቀደሙት ማሽኖች አንድ እግር በልበ ሙሉነት የሚሰጠው ከ3 ሚሊ አምፒር በታች ነው። የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ በሥራ ላይ ሳለ 5 አምፒር አካባቢ ይስባል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ይባስ ብሎም 220 ቮልቱ መንገድ አግኝቶ ወደ ፖርቱ ከተመለሰ የሚቃጠለው ኮምፒውተሩ ብቻ አይሆንም፤ ኪቦርዱ ላይ ያለው እጅም አደጋ ላይ ነው።

ይህን ርቀት የሚያሻግረው ትራንዚስተር ነው። ባርዲንና ብራታይን በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1947 መጨረሻ የመጀመሪያውን ሠርተው አሳዩ፤ ከሾክሊ ጋር ሆነው በ1956 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። ሦስት እግር አለው። ቤዝ በሚባለው እግር ጥቂት ከረንት ሲገባ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር ብዙ እጥፍ ከረንት እንዲያልፍ ይፈቅዳል፤ ቤዙ ዝም ሲል መንገዱ ይዘጋል። እንደ ቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ ነው፤ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ባለ ጉዳዩ ግን ሌላ ነው።

የሾላው ቦርድ ላይ የትእዛዙ ጉዞ እንዲህ ነው። የፖርቱ ከረንት መጀመሪያ የሚደርሰው አራት እግር ወዳላት ትንሽ ጥቁር ዕቃ ነው፤ ፒሲ 817 ትባላለች፣ ኦፕቶካፕለር ናት። በውስጧ በአንድ በኩል ለዓይን የማይታይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ፣ በሌላው በኩል ያን ብርሃን የሚያይ ትራንዚስተር አለ። በመካከላቸው ብረት የለም፤ ትእዛዙ የሚሻገረው በብርሃን ነው። ከዚያ ወዲያ ቢሲ 547 የተባለ ተራ ትራንዚስተር ይነቃል፤ እሱ የ12 ቮልት ሪሌ፣ ማለትም በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ፣ ጥቅል ሽቦን ያበራል፤ ሪሌው ደግሞ ከላዩ ያለውን ኮንታክተር የሚባል ትልቅ ማብሪያ ይጠራል፤ ፓምፑን የሚያስነሳው ኮንታክተሩ ነው።

ሒሳቡን ከወረቀት ላይ ሳይሆን ከዕቃዎቹ ምርጫ ማንበብ ይቻላል። የፖርቱ እግር በ470 ኦም ሬዚስተር በኩል ለኤልኢዲው የሚሰጠው እንደ ማሽኑ ደግነት ከ2 እስከ 4 ሚሊ አምፒር ነው። መጥፎውን እንያዝ፤ 2 ይሁን። ደካማ ፒሲ 817 ከዚህ ግማሹን ያህል ያሻግራል፤ 1 ሚሊ አምፒር። የሪሌው ጥቅል 30 ይፈልጋል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ቢያንስ 30 እጥፍ ማሳደግ አለበት። ማንኛውም ቢሲ 547 ከ110 እጥፍ በላይ እንደሚያሳድግ አምራቾቹ ይጽፋሉ፤ ያ ይበቃ ነበር። ሠሪው ግን ከስሙ መጨረሻ «ሲ» የታተመበትን ለይቶ መርጧል፤ እሱ ከ420 ይጀምራል። ትርፉ ለቅንጦት አይደለም። ኦፕቶካፕለር ሲያረጅ ብርሃኑ ይደክማል፣ ትራንዚስተርም በግማሽ ሲከፈት ሪሌው ይንተከተካል፣ የሚንተከተክ ሪሌ ደግሞ ኮንታክቱን ይበላል። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ትራንዚስተር በላዩ የሚያስቀረው 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ አይሞቅም። ቦርዱ ሲሠራ ቆይቶ በጣት ሲነካ ከአካባቢው አየር የተለየ ሙቀት የለውም።

አሁን በጣም ወደወደድኩት ነገር ልምጣ። ኮምፒውተር ሲነሳ ፕሮግራሙ እስኪገባ ድረስ የፖርቱ እግሮች አዛዥ የላቸውም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር እግሮቹ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጀማሪ የሠራው ቦርድ በዚህ ሰዓት ፓምፑን ባዶ ታንከር ላይ ያስነሳዋል፣ ያጠፋዋል፣ መልሶ ያስነሳዋል። የኛ ሠሪ ኤልኢዲውን ከአንድ እግርና ከግራውንድ ጋር አላገናኘውም። በሁለት የፖርት እግሮች መካከል ዘርግቶታል፤ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ካላለ ብርሃን የለም። ሁሉም ከፍ ቢሉ ፓምፑ ዝም ይላል፤ ሁሉም ዝቅ ቢሉም ዝም ይላል። እስከዚህ ድረስ ሌላም ሰው ያስበዋል። እሱ ግን ጎን ለጎን ያሉትን እግሮች ትቶ አንደኛውንና ሦስተኛውን ወስዷል። ምክንያቱ ማሽኑ ሲነቃ ፖርቱ መኖሩን የሚፈትነው አንዱን ከፍ፣ ቀጣዩን ዝቅ፣ ቀጣዩን ከፍ እያደረገ ስለሆነ ነው። ጎረቤት እግሮች በዚያ ቅጽበት ይለያያሉ፤ አንድ ዘለው የተቀመጡት ግን ምንጊዜም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዲት ሽቦ አንድ ቀዳዳ ዘልላ በመበየዷ ብቻ ስንት ተጨማሪ ዕቃ ቀረ!

በሪሌው ጥቅል ላይ የተጋደመው ዳዮድ በየመማሪያው የሚገኝ ነገር ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። ጥቅል ሽቦ ከረንቱ በድንገት ሲቋረጥበት የራሱን ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ባለ 12 ቮልቱ ጥቅል ከ100 ቮልት በላይ ሊተፋ ይችላል፤ ቢሲ 547 የሚችለው ደግሞ 45 ብቻ ነው። ዳዮዱ ያን ግፊት ወደ ጥቅሉ መልሶ ያበርደዋል። እዚህ የሚታየው የእጅ ጥራት ዳዮዱ የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ከትራንዚስተሩ አጠገብ ሳይሆን ከጥቅሉ እግሮች ሥር፣ ግፊቱ ከሚወለድበት ቦታ ላይ፣ ነጭ ቀለበቱ ወደ 12 ቮልቱ ዞሮ።

ሪሌው ላይ «10 አምፒር» ተጽፎበታል። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ ፓምፑን በቀጥታ ያገናኝበታል። ጽሑፉ ግን የሚናገረው እንደ ካውያ ላለ ገር ጭነት ነው፤ ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት የሪሌውን ኮንታክት በይዶ ያጣብቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ «አቁም» ቢል የሚሰማው የለም። ለዚህ ነው ኮንታክተሩ የገባው። የኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ያው ነው፤ 3 ኪሎ ዋት ተኩል የሚወስድ ምጣድ 16 አምፒር ይስባልና ለትንሽ ሪሌ አይሰጥም።

ከኮንታክተሩ ጥቅል ጎን ብልጭታ የሚያበርድ ሬዚስተርና ካፓሲተር አለ። ሌላ ቦታ እነዚህን ሁለቱን በሪሌው ኮንታክት ላይ አጋድመው የሚያስሩ ብዙ ናቸው። እንዲያ ሲታሰሩ ሪሌው ጠፍቶ እንኳ 7 ሚሊ አምፒር ያህል በካፓሲተሩ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ሌሊት ፈዘዝ ብሎ የሚታይ የኤልኢዲ አምፖል አይታችሁ የገረማችሁ ሰዎች፣ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ያለው እንዲህ ያለ የሚሾልክ ከረንት ነው። በዚህ ቦርድ ላይ የሚሾልክ የለም።

አሁን ቦርዱን እንገልብጠው።

ቦርዱ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ብዙ ቀዳዳ ዓይነት ነው። ቀዳዳዎቹ በ2.54 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር የሚያህል የመዳብ ቀለበት ከቦታል። ብየዳው በግራም በቀኝም የተስተካከለ ነው፤ ሊዱ ወደ እግሩ ሽቅብ ሰርጎ ጎኑ ጎድጎድ ብሏል፣ ላዩ ያበራል፣ እንደ ጉብታ የተከመረ የለም። ከብየዳ በኋላ የሚቀረው ቡናማ ሙጫ በአልኮል ታጥቧል። ሙጫው ቢቀር በጋ ላይ የየካን አቧራ፣ ክረምት ላይ እርጥበቱን ይዞ ለኤሌክትሪክ መንገድ ይሆናል።

መሐል ላይ ግን አንድ ሰፊ መስመር አለ፤ ከላይ እስከ ታች ምንም የለበትም። የመዳብ ቀለበቶቹ ሳይቀሩ በምላጭ ተፍቀው ተነስተዋል። ከኦፕቶካፕለሯ ሥር ደግሞ ቦርዱ ራሱ በብረት መጋዝ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ጠርዙ በሞረድ ለስልሷል። ከመስመሩ ወዲህ 5 ቮልት፣ ከመስመሩ ወዲያ አደገኛው ወገን። ከዚያ ማዶ ያለው 12 ቮልትም የራሱ አዳፕተር፣ የራሱ ግራውንድ አለው፤ ከኮምፒውተሩ ግራውንድ ጋር አልተገናኘም። ተሠርተው የሚመጡት የሪሌ ቦርዶች ላይ የሁለቱን ወገን የኃይል መስመር የምታገናኝ ትንሽ መሰኪያ አለች፤ ሰው ለምን እንደተቀመጠች ሳያውቅ እንዳለች ይተዋታል፣ ኦፕቶካፕለሯም በከንቱ ታበራለች።

ከእነዚያ ቦርዶች ጋር ሌላም ጠብ አለኝ። የሚጠቀሙበት ሰማያዊ ትንሽ ሪሌ የ220 ቮልቱን እግር በሁለቱ የጥቅል እግሮች መካከል ያወጣል። የፈለጉትን ያህል ቢጠነቀቁ ሁለቱ ወገኖች አፍ ለአፍ ናቸው። የሾላው ሠሪ ጥቅሉ በአንድ ጫፍ፣ ኮንታክቱ በሌላው ጫፍ የሚወጣ ረዘም ያለ ሪሌ ከሞተ ማሽን ፈትቶ ነው ያስገባው። ከሪሌው ሆድ ሥርም እንዲሁ ባዶ ቦታ ይቀራል።

ባዶው ቦታ ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ነው የካ የሚገባው።

ለቤት የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሰው የሚነካውን ወገን ከአደገኛው ለመለየት ዓለም አቀፉ ደረጃ በአየር ውስጥ 5.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይጠይቃል። 220 ቮልት ብቻውን ይህን ያህል አይዘልም። ክፍተቱ የተሰላው መብረቅ መስመሩን ሲመታ ወይም የጠፋ መብራት በኃይል ሲመለስ ለቅጽበት ለሚመጣው በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው። ሐምሌና ነሐሴን ከእንጦጦ ሥር ያሳለፈ ሰው ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። ቁጥሩ ግን እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ላሉ ቦታዎች የወጣ ነው። አየር ሲሳሳ አንድ ኤሌክትሮን ከሌላ ሞለኪውል ጋር እስኪጋጭ ረዘም ያለ መንገድ ይሮጣል፤ በሮጠ መጠን ጉልበት ይሰበስባል፤ ሲጋጭ ሌላ ኤሌክትሮን ይፈነቅላል፣ ብልጭታው እንዲህ ይወለዳል። ስለዚህ ከፍ ባለ አገር ያው ቮልቴጅ ራቅ ብሎ ይዘላል። ደረጃው ለ3,000 ሜትር ክፍተቱን በ1.14፣ ለ4,000 ሜትር በ1.29 አባዙ ይላል። አንዳንድ ከቻይና የሚመጡ ዕቃዎች ጀርባ ላይ ተራራ ተስሎ 2,000 ሜትር የሚል ምልክት የሚታየው ለዚሁ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠቀሙበት ማለት ነው። አዲስ አበባ ሙሉ በሙሉ ከዚያ በላይ ናት።

መገናኛና ሾላ ያሉበት ከፍታ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። 5.5 የነበረው ወደ 5.8 ያድጋል። አሁን ኦፕቶካፕለሯን እንይ። እግሮቿ ፋብሪካው እንደሠራቸው ከተቀመጡ በሁለቱ ወገን መካከል ሦስት ቀዳዳ እርምጃ፣ 7.62 ሚሊ ሜትር አለ። በግራና በቀኝ የቀለበቶቹ ግማሽ ግማሽ ሲቀነስ የሚቀረው ባዶ 5.62 ነው። ለጅቡቲ ይበቃል። ለየካ አይበቃም፤ የጎደለው ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያነሰ ነው፣ ግን ጎድሏል።

ሠሪው እግሮቿን ወደ ውጭ ጎንበስ አድርጎ በአራት እርምጃ ላይ አስቀምጧታል። ባዶው 8 ሚሊ ሜትር ሆነ። ቦርዱን ከላይ ሲያዩት ይህች ዕቃ እግሯን ከፈት አድርጋ ስንጥቁን ተሻግራ ቆማለች፤ አራቱም እግሮች በእኩል ማዕዘን ታጥፈዋል፣ አንዱም ከሥሩ አልተሰነጠቀም። እግር ከሰውነቱ አጠገብ በመቆንጠጫ ሳይያዝ ከታጠፈ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተይዞ ነው የታጠፈው።

የደረጃውን ሠንጠረዥ አይቶ እንደሆነ ሠሪውን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ሠንጠረዥ አላውቅም። እዚህ አገር ብልጭታ ሩቅ ይዘላል። ፍላይባክ ነው ያስተማረኝ» አለኝ። ፍላይባክ የድሮው ሆደ ሰፊ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ 25,000 ቮልት አካባቢ ያወጣል። ክረምት ሲገባ ብልጭታው ሲንጣጣ በጨለማ ይታይ ነበር፤ ቦርዱን ያከስለዋል። የከሰለውን መቁረጥ፣ መፋቅ፣ ክፍተት መጨመር የየዕለት ሥራው ነበር። በላቦራቶሪ ተለክቶ የተጻፈውን ነገር እሱ በጥገና ብዛት አወቀው፤ እጁ የደረሰበትም ቁጥር ከሠንጠረዡ ያለፈ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ከሾላ ተነስቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው 800 ሜትር ያህል ይጨምራል። ተራራው ላይ፣ 3,200 ሜትር አካባቢ፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ፤ መስተዋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ጠፈር ለወጣችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የምድር ጣቢያውም እዚያው ነው። ቴሌስኮፕን ማዞርም ሆነ አንቴናን ሳተላይት ተከትሎ ማንቀሳቀስ ያው የሾላው ቦርድ ነገር ነው፤ ከኮምፒውተር ጥቂት ቮልት ይወጣል፣ በሌላው ጫፍ ሞተር ይዞራል። እዚያ ላይ 5.5 ሚሊ ሜትሩ 6.4 ይሆናል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሁለት ሦስተኛ ጥቂት የሚበልጥ ስለሆነ ሙቀትም በዝግታ ነው የሚወሰደው፤ ትልልቆቹ ትራንዚስተሮች ማቀዝቀዣ ብረታቸው ሰፋ ማለት አለበት። የሾላው ቦርድ በ8 ሚሊ ሜትሩ እንጦጦ ላይ ቢወጣ አንድ እግር ሳይነቀነቅ ያልፋል። የ12 ሺህ ብር ዕቃ ይሁን የጥቂት መቶ ብር፣ በዚህ መለኪያ ብዙ የተገዙ ቦርዶች ይወድቃሉ።

ነቀፌታ የለኝም ማለት አይደለም። ቦርዱ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። የትኛው መሰኪያ ፌዝ፣ የትኛው ኒውትራል እንደሆነ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው። የሰርኪዩቱ ንድፍም በወረቀት አልተሰጠም። ያን የአንደኛና የሦስተኛ እግር ብልሃት ነገ ሌላ ጠጋኝ ስህተት መስሎት ጎን ለጎን አድርጎ ያስተካክለው ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው በማይጠፋ ቀለም ሦስት መስመር ቢጽፍበት ምን ነበረበት? መጠገኛ ቤቶቻችን ውስጥ ይህ የተለመደ ጉድለት ነው፤ ዕውቀቱ በሰውየው ይቀራል።

እናንተም ፓምፕ፣ የጫጩት መፈልፈያ ወይም የበር ሞተር ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ቦርድ ስታሠሩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከመስመሩ ንቀሉትና ገልብጡት። በኮምፒውተሩ ወገንና በ220ው ወገን መካከል ማስመሪያ አስቀምጡ። መዳብ ከመዳብ፣ ሊድ ከሊድ በጣም የሚቀራረብበትን ቦታ ለኩ። ከታች ከተማው ውስጥ ከ6 ሚሊ ሜትር፣ እንጦጦ ላይ ከ6 ተኩል ካነሰ አትቀበሉት።